ስድስተኛ ምስክር

«አምስት ምንጭ» አለ መምህሩ፣ «አምስት፣ የታመነ፤
ስለዚያ የገንዘብ ቀውስ፣ ያ ሁሉ ቤት ስለ ባከነ።
ሰምቻለሁ አይበቃም፤ ይባላል አይቆጠርም፤
ባለቤት የሌለው ወሬ ከግርጌ አይሰፈርም።»

እኔም በክሊቭላንድ፣ የየካቲት በረዶ ጫማዬን እያራሰው፣
ከሐይቁ የሚነሳ ነፋስ ጆሮዬን እየጠበሰው፣
ገባሁ ቤተ መጻሕፍት፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፤
የማሞቂያው ቧንቧ ጩኸት ከሰው ሳል በላይ።

አባቴ ያጫውተኝ ነበር፦ ዳኛ ዛፍ ስር ተቀምጦ፣
ተሟጋች ዘንጉን ቀስሮ «ተጠየቅ!» ይላል አፍጥጦ።
እኔም ዘንግ ባይኖረኝ እርሳሴን ቀሰርኩ፣
ምስክሮቼን ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ።

«ተጠየቅ!» አልኩት መጀመሪያ ወፍራሙን መጽሐፍ፤
«የጻፈህ ማን ነው? የማንን እንጀራ በልቶ ነው የሚጽፍ?»
መግቢያው ላይ ምስጋና አለ፣ ሁለት መስመር፣ ደቃቅ፤
ለአንድ ባንክ ነበር። መለስኩት፣ በሳቅ።

ሁለተኛው ጋዜጣ ነው፤ በሰኔ «ግዙ፣ ቤት አይወርድም» ሲል የዋለ፣
በጥቅምት ዞሮ «ቀድመን አይተን ነበር» አለ።

ሦስተኛው ግራፍ፤ መስመሩ ሽቅብ ወጥቶ ገደል ይገባል፤
ከስሩ ምንጭ ተብሎ ሌላ ግራፍ ይጠቀሳል፤
የዚያም ምንጭ ሌላ። ወንዙን ይዤ ብወጣ ብወጣ፣
እርጥብ ድንጋይ አገኘሁ፤ ምንጩ ግን የታጣ።

አራተኛው የመንግሥት ሪፖርት፣ ስድስት መቶ ገጽ፣ በቁጥር የታጨቀ፤
አይዋሽም። ግን እንባ ያልነካው፣ እንደ ቋንጣ የደረቀ።

ሚስ ሎሬታ፣ የመጻሕፍት ጋሪዋን እየገፋች፣
ጣቷ በፕላስተር ታስሮ፣ አጠገቤ ቆመች።
«እኔም ቤት ነበረኝ» አለች፣ «በረንዳው አረንጓዴ፣
ሰባ አንደኛው መንገድ። ወሰዱት። ዛሬም አልሻረም ሆዴ።
ጓሮው ውስጥ ኮክ ነበር፣ እናቴ የተከለችው።»
ዝም አለች። አንድ መጽሐፍ አነሳች፣ ያለ ቦታው ሰካችው።

«እኔን ግን አትጥቀሰኝ፤ ቂመኛ አይመሰክርም፤
ሂድ ወደ ካውንቲው መዝገብ ቤት፤ ወረቀት ቂም አይቋጥርም።»

በማግስቱ ሄድኩ፤ ለአንድ ቅጂ ሁለት ዶላር ከፍዬ፣
አገኘኋት፣ ከገጽ ገጽ በጣቴ ተከትዬ።
ስሟ ተሳስቷል፤ «ላሬታ» ይላል።
ማኅተም አለው፤ ቀን አለው፤ ዴል ክራውዘር የሚባል
የባንክ ምክትል ፕሬዚዳንት ፈርሟል።

የጎረቤቷን ገለጥኩ። ያው ዴል ክራውዘር። ያው ዕለት።
ከዚያ ቀጥሎ ያለውን። ያው ሰው፣ ያው ሰዓት።
አንዱ ፊርማ የጋደመ፣ አንዱ ክብ፣ አንዱ ዶሮ የጫረው ጭረት፤
ሰውየው ሦስት እጅ አለው? ወይስ ሦስት ምንዱባን አንድ ስም ተከራዩ በሰዓት?

«ተጠየቅ!» ልለው ቃጣሁ። ወረቀት አይጠየቅም።
«ቂም አይቋጥርም» ያልሽኝ፣ ሚስ ሎሬታ፣
እውነትሽን ነው፤ ምንም አያውቅም።

ቢሆንም ጠቀስኩት፣ በደንቡ፣ የሳጥኑን ቁጥር፣ ገጹን አሟልቼ፤
አምስት ሞላ። ቤቴ መሄድ ሲገባኝ፣ አውቶቡስ ተሳፍሬ ወጥቼ፣
ሰባ አንደኛው መንገድ ወረድኩ።

ቤት የለም። በረዶ የተኛበት ባዶ መሬት፣
ሦስት የሲሚንቶ ደረጃ፣ ወደ የትም የማያደርሱት፣
ከኋላም ሁለት ዛፍ፣ ቅጠላቸው የረገፈ።
ኮኩ የቱ ነው? ወይስ አንዱም አይደለም? ያስተማረኝ አላለፈ፤
እኔ መጽሐፍ እንጂ ዛፍ ማንበብ አልችልም።

ተመልሼ ጠየቅኳት። ሳቀች፤ አልነገረችኝም።
«ቃሌን ለምን ታምናለህ? ቂመኛ ነኝ ብዬህ የለም?
እስከ ግንቦት ጠብቅና ሄደህ እይ፤
ያበበው እሱ ነው።»

ጽሑፉ የሚሰጠው ዓርብ ነው።

ከግርጌ ስድስት ብዬ ቁጥሩን ጻፍኩ፣ ሁለት ነጥብ አደረግኩ፤
ከጎኑ ግን፣ እስካሁን፣ ምንም አልጻፍኩ።